ዳገቱ ከከተማው ጫፍ ይጀምራል

መቀሌ ላይ የተራራ ብስክሌት ለመንዳት መኪና አያስፈልግም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ከተማ፣ በምሥራቅ የእንዳየሱስ ኮረብታ አለ፤ በቀላል ማርሽ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኩሓ በኩል አስፋልቱን ትቶ፣ ገበሬና አህያ ለዘመናት ባቀኑት የእግር መንገድ መግባት ነው። በበጋ መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ በክረምት ግን ጭቃው ጎማው ላይ ይጋገራል።

በስተደቡብ የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ደርሶ መልስ የከበደው ብስክሌቱን በሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ያስራል። ዋጋውን አስቀድሞ መስማማት፣ ማርሽ ያለበትን ጎን ወደ ላይ ማድረግ ይበጃል።

ከትግራይ የወጣው ብስክሌተኛ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እሱ የተወዳደረው በአስፋልት ላይ ነው፤ ጉልበት የሚሠራው ዳገት ግን ለሁሉም አንድ ነው።

አንድ ነገር ቸል አይባልም። በትግራይ የተካሄደው ጦርነት ያልፈነዱ ጥይቶችና ፈንጂዎች ጥሎ አልፏል። ብስክሌት ነጂው ሰው ከሚመላለስበት መንገድ አይውጣ፤ የማያውቀውን አቅጣጫ የአካባቢውን ገበሬ ይጠይቅ፤ እንግዳ ብረት ካየ ሳይነካ ወደ መጣበት ይመለስና ለፖሊስ ያሳውቅ።