ስርቆት ትንሿን ምግብ ቤት በእውነት የሚያስከፍላት ስንት ነው?

ለገበሬ ቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር



ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ሁለት ሥራ ይዛችኋል። በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ) ወይም በቆቃ በኩል ሽንኩርትና ቲማቲም ታለማላችሁ፤ ደግሞም ከመንገድ ዳር በተሠራች ትንሽ ምግብ ቤት ለመንገደኛ ሽሮና ወጥ ትሸጣላችሁ። ይህ ንግድ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማና ሞጆ የመንገደኛ ማረፊያ ሆኑ። ዛሬም ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ አዳማ፣ ሌላው በመቂና በባቱ አድርጎ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ ይወርዳልና በላተኛ አይጠፋም።

ነገር ግን ብዙ ሰው «ገበያው አለ፤ ገንዘቡ ግን የት እንደሚገባ አላውቅም» እያለ ያማርራል። ወዲያውም «ቤቴ ውስጥ ሌባ አለ» ይላል። ምናልባት እውነት ይሆናል፤ ምናልባትም አይሆንም። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ስርቆት መኖሩን በሒሳብ እንዴት እንደምታውቁ፣ ካለም ዋጋው ስንት እንደሆነ ነው።

1ኛ. የጠፋው የሚተካው ከሽያጩ ሳይሆን ከትርፉ ነው።

ለምሳሌ አንዲት ምግብ ቤት እናስብ። የምጠራው ዋጋ ለሒሳብ እንዲመች ብቻ ነውና እናንተ በራሳችሁ ገበያ ዋጋ ተኩት። አንድ ሳህን ምግብ 100 ብር ይሸጣል እንበል። ለዚያ ሳህን የሚገባው እንጀራ፣ ሽሮ፣ ሽንኩርት፣ ዘይትና ማገዶ 75 ብር ይፈጃል። የሚቀረው 25 ብር ነው። የቤት ኪራዩም፣ የሠራተኛው ደመወዝም፣ የቤተ ሰቡም ትርፍ የሚወጣው ከዚህ 25 ብር ነው።

አሁን 200 ብር የተገዛ አንድ ሊትር ዘይት ተሰረቀ እንበል። ባለቤቲቱ «የሁለት ሳህን ዋጋ ነው፤ ይሁን» ብላ ትተወዋለች። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይደለም። ከእያንዳንዱ ሳህን የሚቀራት 25 ብር ብቻ ስለሆነ፣ ያንን 200 ብር ለመመለስ ስምንት ሳህን መሸጥ አለባት። በየሳምንቱ አንድ ሊትር ቢጠፋ በዓመት 52 ሊትር፣ ማለት 10,400 ብር ይሆናል። ይህን ለመመለስ 416 ሳህን ያስፈልጋል። በቀን 32 ሳህን የምትሸጥ ከሆነች 13 ቀን ሙሉ እሳት አንድዳ፣ ጢስ ውጣ የምትሠራው ለሌባው ነው ማለት ነው።

2ኛ. የጠፋውን ነገር በትክክለኛ ዋጋው አስቡት።

ኪሳራን ማሳነስ ስሕተት እንደሆነ ሁሉ ማብዛትም ስሕተት ነው። አንድ ሰው በልቶ ሳይከፍል ቢሄድ፣ ድስቱ ውስጥ ገና ምግብ ተርፎ ያድር ከነበረ የጠፋባችሁ ቢበዛ 75 ብር ነው። ነገር ግን በዚያ ሳህን ምክንያት ምግቡ አልቆ ሌላ በላተኛ ከደጅ ከተመለሰ የጠፋው 100 ብር ነው።

በእርሻም እንዲሁ ነው። ለመልቀም የደረሰ ሽንኩርት ኪሎው 30 ብር ቢያወጣና ለለቀማ፣ ለጆንያና ለማጓጓዣ 5 ብር ታወጡ ከነበረ፣ በሌሊት የተሰረቀባችሁ ኪሎ 25 ብር ያጎድላችኋል። ከውሃ መሳቢያው ሞተር ላይ ትንሽ ዕቃ ቢፈታባችሁ ግን የዕቃው ዋጋ ብቻ ኪሳራ አይደለም። ሞተሩ ቆሞ በሚውልበት ቀን አበባ የያዘው ቲማቲም በቆላው ሙቀት ውሃ ያጣል፤ አበባውም ይረግፋል። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይባላል፤ ሞፈሩ ቢተካ እንኳ ያለፈው የእርሻ ቀን አይተካም።

3ኛ. ሌባ ከማለታችሁ በፊት መዝኑ።

ከጓዳ የሚጎድል ነገር ሁሉ የተሰረቀ አይደለም። ሽንኩርት በመጋዘን ሲቆይ ይደርቃል፤ ክብደቱም ይቀንሳል። ቲማቲም በሙቀት ይበሰብሳል። ሚዛን ያታልላል። ዘመድ ይበላል፤ ዱቤ ሳይከፈል ይቀራል። ባለቤቱ ራሱ ከመሳቢያው ገንዘብ አንሥቶ ይረሳል።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዙና ሰኞ ጠዋት ጓዳው ውስጥ ያለውን ዘይት ለክታችሁ ጻፉ። በሳምንቱ የተገዛውን ጨምሩበት። ቅዳሜ ማታ የተረፈውን ቀንሱ። የሚቀረው የወጣው ነው። ለምሳሌ ሰኞ 5 ሊትር ነበረ፤ 10 ሊትር ተገዛ፤ ቅዳሜ 3 ሊትር ተረፈ። የወጣው 12 ሊትር ነው። በስድስት ቀን 192 ሳህን ተሸጧል። ባለቤቲቱ «አንድ ሊትር ለ20 ሳህን ይበቃል» ብላ ታስባለችና መውጣት የነበረበት 10 ሊትር እንኳ አይሞላም። ከ2 ሊትር በላይ ጎድሏል። ዘይቱን የምትይዘው ሠራተኛ ልጅ ናት። በዚህ ጊዜ ብዙ ቤት ልጅቱን ሌባ ብሎ ያባርራል።

ቆዩ! አንድ ነገር ይቀራል። ባለቤቲቱ ራስዋ ለሦስት ቀን ዘይቱን በኩባያ እየለካች ትሥራ። አንድ ሊትር የሚበቃው ለ16 ሳህን ብቻ ሆኖ ቢገኝ፣ 192 ለ16 ሲካፈል 12 ሊትር ይመጣል። ምንም አልተሰረቀም። ጥፋቱ የጭልፋው ነበር። ልጅቱ ግን ስምዋን አጥታ ወደ አገርዋ ልትመለስ ነበር፤ ጉድለቱም አዲስ ሠራተኛ ቢቀጠር አይቀርም ነበር።

ስታወዳድሩም የጾምን ሳምንት ከጾም ሳምንት፣ የፍስክን ከፍስክ ጋር አወዳድሩ። በጾም ወጡ ሁሉ በዘይት ስለሚሠራ ዘይት ይበዛል። በረመዳን ደግሞ የምሳ በላተኛ ያንሳል። ይህን ያላሰበ ሰው ሑዳዴ በገባ ቁጥር ሌባ ይፈልጋል።

4ኛ. ጥበቃው ከስርቆቱ አይብለጥ።

ለክታችሁ፣ ደግማችሁ ለክታችሁ ስርቆት መሆኑን ካወቃችሁ መከላከያውንም በሒሳብ ምረጡ። ስርቆቱ በዓመት 10,400 ብር ከሆነ፣ በወር 3,000 ብር የሚከፈለው ዘበኛ በዓመት 36,000 ብር ይወስዳል። ይህ ከሌባው የባሰ ነው። አምስት ጎረቤት ተባብሮ ቢቀጥረው ለያንዳንዱ 7,200 ብር ይደርሳል። ዘበኛው ስርቆቱን ሁሉ ቢያስቀር 3,200 ብር ይተርፋችኋል፤ ግማሹን ብቻ ቢያስቀር ግን 2,000 ብር ትከስራላችሁ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ርካሹን ሞክሩ። ጓዳው ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ይሁን፤ ለዕለቱ የሚበቃው ዘይት ብቻ ተለክቶ ይውጣ፤ የተሸጠው ሳህን ሁሉ ይቈጠር። ሠራተኛውም ምግቡ በደመወዙ ላይ ተጨምሮ በግልጽ ይሰጠው። የራበው ሰው ድስት አጠገብ ቆሞ እንዲታገሥ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

ሌባው እጅ ከፍንጅ ቢያዝ አትደብድቡት። ስርቆትን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ይቀጣል፤ መደብደብም ራሱ ወንጀል ነው። ለፖሊስ ስታመለክቱ የጠፋው ነገር ዓይነት፣ መጠንና ቀን በደብተራችሁ ላይ ተጽፎ ቢገኝ አቤቱታችሁ ይጠነክራል። «ብዙ ዕቃ ጠፋብኝ» ከማለት «ማክሰኞ ማታ 3 ሊትር ዘይት ጎደለ» ማለት ይሻላል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የዛሬው ምክር አጭር ነው። የጎደለውን ለኩ። የጎደለበትን ምክንያት ለዩ። ስርቆት ሆኖ ከተገኘ ስንት ሳህን እንደሚያስሸጣችሁ አስሉ፤ ከዚያ በኋላ ቁልፍ ግዙ ወይም ዘበኛ ቅጠሩ። ደብተር መያዝ የማይችል ቢኖር ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጁ ይጻፍለት። ሥራው በቀን ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በመጪው ሰኞ ጀምሩ፤ አራት ሳምንት ሳታቋርጡ ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ገንዘባችሁ የት እንደሚገባ ከደብተራችሁ ታነባላችሁ።