የሐሰት ወሬ ከወገን ሲያቃቅር
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሽማግሌዎች ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



ስለ መዋጮውና ስለ ድንኳኑ ብዙ ተነጋግረናል። አሁን የምናነሣው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ይኸውም፣ ሰው ባልሠራው ነገር ስሙ ሲጠፋና የገዛ ወገኑ ወሬውን አምኖ ፊት ሲነሳው ምን ማድረግ ይበጀዋል የሚለው ነው። ጠላት ቢያማ የታወቀ ነው። እናት ወይም እህት ስታምን ግን እንቅልፍ ይነሳል፣ እህል ያስጠላል።

ለሽምግልና ከሚመጡልን ነገሮች አንዱን ዓይነት እንጥቀስ። እህት ዐረብ አገር ሠርታ ለእናቷ መታከሚያ ገንዘብ ትልካለች፤ ተቀባዩ ወንድሟ ነው። አንድ ሰው ደውሎ «ብሩን ወንድምሽ እየበላው ነው» ይላታል። ሩቅ ናት፤ በዓይኗ ማየት አትችልም። ታምናለች፤ ስልኩን ማንሳት ትተዋለች። ዘመዱም «ያለ ነገርማ አይወራም» ይላል።

ለምን አመነች? ወንድሟን ስለጠላች አይመስለንም። ለእናቷ የምትሰጋ ሰው ክፉ ወሬን ቶሎ ትቀበላለች። ወሬ ሲደጋገም ደግሞ እውነት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፦ ተማሪዎች በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ደጋግመው የሰሙትን ነገር፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ አዲስ ከሰሙት ይልቅ አምነውታል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው።

አንደኛ፣ በንዴት አትመልሱ። ከጎረቤት ጎረቤት እየዞሩ «እኔ አልበላሁም» ማለት ወሬውን ላልሰማው ማሰማት ነው።

ሁለተኛ፣ ያወራውን ትታችሁ ወዳመነው ወገን ሂዱ። ሩቅ ከሆነ ደውሉ። «ምን ሰማሽ?» ብላችሁ ጠይቁና ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው አዳምጡ።

ሦስተኛ፣ ከመሐላ ይልቅ የሚታይ ነገር አቅርቡ፦ የባንክ ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ማዘዣ። እናትየውም ራሳቸው ይናገሩ።

አራተኛ፣ ማስረጃ ቀርቦም ልብ በአንድ ቀን ላይመለስ ይችላል። ያመነ ሰው እውነቱን ካወቀ በኋላም አፍሮ ይዘገያል። በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰሽ» በሉ፤ ልቅሶዋን ድረሱ፤ በየቀኑ ግን አትለማመጡ። ከሁሉ በላይ፣ እናትን መጦር እንዳታቋርጡ። በወሬ ተቀይመን መልካም ሥራችንን ከተውን ወሬውን እውነት የምናስመስለው ራሳችን ነን።

አምስተኛ፣ ነገሩን ብቻችሁን አትያዙት። ለአንድ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ሽማግሌም ላኩ። ወሬው እንጀራችሁን የሚነካ ከሆነ ሕግም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 613 ስለ ስም ማጥፋት ይደነግጋሉ። ዳሩ ግን ፍርድ ቤት ካሳ ያስከፍል እንደሆነ እንጂ የእህትን ልብ አይመልስም። ስለዚህ ቀድሞ መነጋገር ይሻላል እንላለን።

ለሰሚዎችም አንድ ቃል አለን። ወሬ ሲመጣላችሁ «አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?» በሉ። ቀጥሎም የተወራበትን ሰው ራሱን ጠይቁት። እኛ ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ሳንሰማ አንፈርድም፤ ቡና ላይም እንዲሁ ቢሆን ስንት ቤት በዳነ ነበር!

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። እስኪጠራ ድረስ ግን ስሙ የጠፋበት ሰው ብቻውን ማደር የለበትም። በመካከላችን እንዲህ ያለ ሰው ካለ ቤቱ እንሂድ፣ ቡናውን እንጠጣ። እኛንም ለሽምግልና ቢፈልገን ከስብሰባው በኋላ ጠጋ ይበልና ያነጋግረን።