ከአንኮበር እስከ ራባይ



ከእኛ በፊት አገራችን ኖሮ ኬንያ የገባ ሰው ነበር። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1839 አንኮበር፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። በ1842 ሸዋን ለቆ ከወጣ በኋላ ግን ተመልሶ እንዳይገባ ተከለከለ። በ1844 በባሕር ሞምባሳ ገባ፤ በዚያው ዓመት ሚስቱንና አራስ ልጁን ቀበረ። ይሁን እንጂ አልተመለሰም። በ1846 ከባልደረባው ከሬብማን ጋር ራባይ ላይ ሚሲዮን ተከለ፤ የኪስዋሂሊ ሰዋስውም ጻፈ።

የእኛ ክርስትና ከአባ ሰላማ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ከክራፕፍ አልተቀበልነውም። መጽሐፍ ቅዱስንም ካይሮ ተቀምጦ ወደ አማርኛ የመለሰው የጎጃሙ አቡ ሩሚ ነው። ሁለቱም የደከሙት ግን ለአንድ ነገር ነው፤ ቃሉ በሰው ቋንቋ ካልተነገረ ልብ አይገባም።

እኛ ባለሱቆች ይህን እናውቃለን። ዌስትላንድስ ውስጥ ደንበኛን «ካሪቡ» ሳይሉት ገበያ የለም። ልጆቻችን እንግሊዝኛውንና ኪስዋሂሊውን ከትምህርት ቤትና ከሰፈር ያገኙታል። አማርኛውን ግን ከቤት በቀር የሚሰጣቸው የለም። ቅዳሴ ላይ «አባባ፣ ምን አሉ?» ይሉናል። ስለዚህ በየቤታችን በሳምንት አንድ ማታ አንድ ምዕራፍ በአማርኛ እናስነብባቸው።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ።