ከሰኔ በኋላ፦ የሒሳብ ባለሙያው ዕረፍትና ሚዛን



በሒሳብ ሙያ የተሰማራ ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ሌላው ሕዝብ አዲሱን ዓመት በመስከረም ሲቀበል፣ የሒሳብ ባለሙያ አንዱን መዝገብ ዘግቶ ሌላውን የሚከፍተው በሐምሌ መባቻ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። ባንኮች ከዚያ ቀደም ብለው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጁን 30፣ ማለትም ሰኔ 23 ቀን፣ ሒሳባቸውን ይዘጋሉ። በዚህ ሰሞን የንብረት ቆጠራው፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያው፣ የተሰብሳቢና የተከፋይ ሒሳቦች ማጣሪያው፣ የእርጅና ቅናሹ ስሌት ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይከመራሉ። ሰው ችግር ሲደራረብበት «ሰኔና ሰኞ ሆነብኝ» ይላል፤ ለሒሳብ ባለሙያ ግን ሰኔ በየትኛውም ቀን ቢገባ ያው ሰኞ ነው።

ድካሙም ሰኔ 30 ቀን ሌሊት አያበቃም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ የአራት ወር ጊዜ ስለ ሰጠ፣ ሥራው ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንንና መስከረምን ተሻግሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ የሚዘልቅ ሆነ። በመካከሉ የውጭ ኦዲተሮች ይመጣሉ፤ አንድ የጠፋ ደረሰኝ ፍለጋ የቆየ ሣጥን ሁሉ ይገለበጣል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ወቅት ነው። ልጆች ቤት በሚውሉበት ጊዜ እናት ወይም አባት ቢሮ ያመሻሉ፤ ወላጁ እፎይ ሊል ሲል ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርታቸው ተመልሰዋል። እንግዲህ የሒሳብ ባለሙያ ዕረፍት ከሌላው ሰው ዕረፍት ጋር የማይገጥም በመሆኑ፣ ታስቦበት ካልተዘጋጀ በራሱ ጊዜ የሚመጣ አይደለም።

ጥቅምት ካለፈ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይታያሉ። አንደኛው መሮጥ ስለ ለመደ መቆም ያቅተዋል፤ የሚያጣድፍ ጉዳይ ሳይኖር እስከ ምሽት ይቀመጣል፤ ባዶ ጠረጴዛ ጥፋት መስሎ ይታየዋል። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ ይዝላል፤ የዕረፍት ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ ሰው ማነጋገር ይሰለቸዋል፤ ሰኞ ሲቃረብ ልቡ ይከብደዋል። ሁለቱ በውጭ ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ፤ የችግሩ ሥር ግን አንድ ነው። ይኸውም በሰሞኑ የወጣው ጉልበት በወጪነት ሳይመዘገብ መቅረቱ ነው።

ይህ አባባል ለሒሳብ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። ገቢ በተገኘበት ዘመን ያን ገቢ ያስገኘው ወጪ አብሮ ይመዘገባል፤ ድርጅቱ የገዛው መኪናም ሆነ ማሽን እርጅናው በየዓመቱ ይታሰባል። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 በ2006 ዓ.ም. ከወጣና ዓለም አቀፍ የሒሳብ መለኪያዎች በአገሪቱ ሕጋዊ ቦታ ካገኙ ወዲህ፣ መለኪያ ቁጥር 19 ሠራተኛው ሠርቶ ያገኘው፣ ነገር ግን ያልወሰደውና ወደሚቀጥለው ዓመት የሚተላለፍለት ፈቃድ በድርጅቱ ላይ ዕዳ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ባለሙያው ይህን ዕዳ በዓመቱ መዝጊያ ለሠራተኛው ሁሉ አስልቶ ይመዘግባል። ከዝርዝሩ መካከል የራሱ ስም ብዙ ቀን ይዞ ሲገኝ ግን፣ ቁጥሩን እንደ ትጋት ምስክር አይቶ ያልፈዋል። በሌላው ሰው ስም ዕዳ ብሎ የጻፈውን በራሱ ስም ሲሆን እንደ ሀብት ማንበቡ የሒሳብ ስሕተት ነው።

ዕዳው ሳይከፈል ሲቆይ ደግሞ ወለድ መውለዱ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጫና የሚመጣ መዛልን በዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ 11ኛ እትም ሲያብራራ፣ በሽታ ብሎ አልሰየመውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመነጭ ሁኔታ መሆኑን ገልጾ ሦስት ምልክቶችን አስቀምጧል። እነርሱም የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም በሥራው መመረር፣ የሥራ ውጤታማነት መቀነስ ናቸው። ይኸው ድርጅት ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር፣ በአንጎል የደም ሥር ሕመም የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞትን አደጋ በ17 በመቶ ከፍ ከማድረግ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። ጥናቱ የሚናገረው ስለ ጥቂት ሳምንታት ጥድፊያ ሳይሆን ለረጅም ዘመን ስለ ጸና ልማድ ነው። በመሆኑም የሚያሰጋው የሰኔ ሩጫ መኖሩ ሳይሆን የሰኔ ሩጫ በኅዳርም፣ በየካቲትም መቀጠሉ ነው።

ጉዳቱ በባለሙያው አካል ላይ ብቻ አይወሰንም። የሒሳብ ባለሙያ ለኅብረተሰቡ የሚያቀርበው ትልቁ አገልግሎት ማመዛዘን ነው። የደከመ ሰው ቁጥር መደመር አያቅተውም፤ ማሽኑ ይደምርለታል። የሚያቅተው መጠራጠር ነው። ሁለት ጊዜ የገባ ደረሰኝ፣ ያለ በቂ ማስረጃ የተሰረዘ ዕዳ፣ በዘመኑ ያልተመዘገበ ሽያጭ በፊቱ ሲያልፍ «ይሁን» ብሎ ይፈርማል። ፊርማውም የደከመ ሰው ፊርማ መሆኑ አይለይም፤ ባንኩ ያምነዋል፤ ባለ አክሲዮኑ ያምነዋል፤ በድርጅቱ እንጀራ የሚበላው ሠራተኛ ሁሉ ሳያውቀው ይደገፍበታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተዘጋ መዝገብ የሚቀጥለውን ዓመት ጥድፊያ አርግዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ዕረፍት ከግል ምቾት አልፎ ከሙያው የጥንቃቄ ግዴታ የሚመደብ ነው።

ከእንዲህ ያለው ሰሞን ለማገገም በመጀመሪያ ሥራው በትክክል መዘጋት አለበት። መዝገቡ ቢዘጋም የባለሙያው ልብ ካልተዘጋ ዕረፍት የለም። ያላለቁ ጉዳዮች ማን እንደሚይዛቸውና እስከ መቼ እንደሚያልቁ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ለተተኪው ቢሰጡ፣ ያልተጻፈ ጉዳይ በአእምሮ ውስጥ ሲመላለስ ከማደር ይድናል። ቀጥሎ የሚያስፈልገው ከሥራው በሐሳብም ጭምር መለየት ነው። በፈቃድ ላይ ያለ ሰው በየሰዓቱ በስልክ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ወንበሩን ለወጠ እንጂ አላረፈም። እንቅልፍን ወደ መደበኛ ሰዓቱ መመለስ፣ በእግር መጓዝ፣ በሰሞኑ የተረሱ ወዳጅ ዘመዶችን መጠየቅ፣ ለቅሶ ያልተደረሰበትን ቤት መድረስ፣ ይህን የመሰለው ሁሉ ሰውን ወደ ሰውነቱ ይመልሳል።

ይሁን እንጂ አንድ ረጅም ፈቃድ የዓመቱን ዕዳ በሙሉ ይከፍላል ብሎ ማሰብ አይገባም። የሥራ ሥነ ልቦና አጥኚዎች እንደ ደረሱበት፣ ከፈቃድ የተገኘው ብርታት ሥራ ከተጀመረ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ የሌሊቱና የሳምንቱ ዕረፍት በጥድፊያው ወቅት እንኳ መጠበቅ አለበት። ለገበሬውም ሰኔ የጥድፊያ ወር ነው፤ ቢሆንም ጥማዱን ሳይፈታ አያድርም። በሬው ከወደቀ የሚቀጥለው ማሳ እንደማይታረስ ያውቃልና።

ሕጉም ቢሆን ይህን መንገድ ጠርጎታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ወስኗል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቧል፤ በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲሰጥ አዟል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጥቶ፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምርበታል፤ ሠራተኛው ይህን መብቱን ለመተው ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ እንዳይኖረው አድርጓል። ነገር ግን አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። የፋይናንስ መምሪያ ኃላፊው ለበታቾቹ የሚያስፈጽመው ሕግ እሱን ራሱን ላይጠብቀው ይችላልና፣ ዕረፍቱን በገዛ እጁ በዕቅድ ውስጥ ካላስገባ የሚያስገባለት የለም። እሱ ሳያርፍ ደግሞ የበታቹ ሠራተኛ ፈቃድ ለመጠየቅ ያፍራል።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ጥድፊያው ራሱ ከየት እንደሚመጣ ነው። በሰኔ የሚከመረው ሥራ ሁሉ የሰኔ አይደለም። በጥር መታረቅ የነበረበት የባንክ ሒሳብ፣ በመጋቢት መጣራት የነበረበት ተሰብሳቢ፣ በወቅቱ ያልተወራረደ የጥቃቅን ወጪ ገንዘብ እየተንከባለለ መጥቶ ሰኔ ላይ ያርፋል። ሒሳቡ በየወሩ የሚዘጋበት፣ ንብረቱ በየክፍሉ ተራ በተራ የሚቆጠርበት ድርጅት በዓመቱ መጨረሻ የሚያገኘው የአሥራ ሁለተኛውን ወር ሥራ ብቻ ነው። ይህን ሥርዓት ለማቋቋም ግን የታደሰ አእምሮ ያስፈልጋል። ከጥቅምት በኋላ ያለው ጸጥታ በቅድሚያ ለዕረፍት፣ ከዚያም ለዚህ ዝግጅት ቢውል፣ ዕረፍቱ የሚቀጥለውን ሰኔ ያቀልላል፤ የቀለለው ሰኔም በተራው የሚያስፈልገውን ዕረፍት ያሳጥራል።

እንግዲህ የማኅበሩ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው አንድ ነገር ቢያደርጉ ብዙ ይጠቀማሉ። የግብር ማስታወቂያው በገባ ማግሥት የክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ የፈቃድ መርሐ ግብር ይጻፍ፤ ከስሞቹም ሁሉ በፊት የኃላፊው ስም ይስፈር። ያልተወሰደው ቀን በዕዳነት መመዝገቡ ትክክል ነው፤ ዕዳ ግን የሚመዘገበው በጊዜው እንዲከፈል ነው።