ሩጫና ሙቀት፦ የሰውነት ልክና የአዘጋጁ ኃላፊነት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ እንድናገር የሚጠብቅ ይኖር ይሆናል። የእኔ አርእስት ግን ሩጫ ነው፤ ይኸውም በሞቃት ቦታ የሚደረግ ሩጫ። አርእስቱን የመረጥሁት ራሴ ከሠራሁት ስሕተት ተነሥቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዋሽ ሸለቆ በአንድ የመንገድ ሥራ ጣቢያ ሳገለግል የሠራተኛውን መንፈስ ለማነቃቃት በማሰብ የ8 ኪሎ ሜትር ሩጫ አዘጋጀሁ። መነሻው ከጧቱ 4 ሰዓት እንዲሆን የወሰንሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቴም ቁርሱና የእንግዶች ንግግር ይቅደም የሚል ነበር። ከሯጮቹ መካከል በዋዜማው ከአዲስ አበባ የወረደ አንድ ጠንካራ ወጣት ቀያሽ ነበረ። እስከ መጨረሻው ኪሎ ሜትር ሲመራ ቆይቶ እግሮቹ ይጠላለፉ ጀመር። ስሙን ብንጠይቀው ሌላ ነገር መለሰልን፤ ወዲያውም ወደቀ። እኔ መኪና እንዲመጣ ስጮኽ የውሃ ቦቴ የሚነዱት አዛውንት ሹፌር ግን «ልጄ፣ መኪናው ይቆይ፤ ውሃው ይቅደም!» ብለው የቦቴውን ጎማ ዘረጉ። ልጁን ወደ ጥላ ወስደን፣ ልብሱን አውልቀን፣ ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ አፈሰስንበት፤ ሌሎችም በጨርቅ አራገቡለት። ወደ ጤና ጣቢያ የወሰድነው የተጠየቀውን በትክክል መመለስ ከጀመረ በኋላ ነው። ያዳነው ያ ውሃ እንደሆነ ሐኪሙ ነገረኝ።

ለመሆኑ ልጁ ምን ሆኖ ነበር? ነገሩን በሙያችን ዓይን ብንመለከተው ስሌቱ ቀላል ነው። ሯጭ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በየኪሎ ሜትሩ 1 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ያወጣል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ በሰዓት 720 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም ከ800 ዋት በላይ ያወጣል። በሜዳ ሲሮጥ ይህ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። የዚህን ሰው ሰውነት በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ደግሞ 50 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይበቃል። እንግዲህ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ፈጽሞ ቢዘጋ በየ4 ደቂቃው ገደማ 1 ዲግሪ ይጨምራል፤ ከ37 ዲግሪ ተነሥቶ 40 ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም።

የሰውነት ራዲያተር ላብ ነው። 1 ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን «ሲተን» የምትለዋን ቃል ልብ እንበል። ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀ ላብ ውሃችንን ያባክናል እንጂ አያቀዘቅዘንም። አየሩ እርጥበት ባዘለ ቁጥር ትነቱ ይቀንሳል። ስለዚህም የሙቀትን አደገኛነት የሚለኩ ባለሙያዎች በተራ ቴርሞሜትር አይወሰኑም፤ ከመለኪያቸው 70 በመቶውን በእርጥብ ጨርቅ ከተጠቀለለ ቴርሞሜትር፣ 20 በመቶውን በጥቁር ሉል ውስጥ ሆኖ ፀሐይ ላይ ከተሰቀለው፣ 10 በመቶውን ብቻ ከደረቁ ይወስዳሉ።

ወንድነት ይህን ስሌት አይለውጠውም። እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሎምፒክ ፖርቱጋላዊው ማራቶን ሯጭ ፍራንሲስኮ ላዛሮ በሙቀት ወድቆ በማግሥቱ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀትን ለመሸሽ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ቢጀመርም፣ አየሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ሞቆና በእርጥበት ተሞልቶ ስለ ነበር ከ68 ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋረጡ። ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ከእነዚሁ መካከል ነበሩ። ከዓለም የተመረጡ ሯጮች ልካቸውን አውቀው ከቆሙ የእኛ መቆም ምን ነውር አለበት?

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ሰዓቱን እንምረጥ። በቆላ አገር ሩጫ የንጋት ሥራ ነው። ፀሐይ ከበረታች ርቀቱን ማሳጠር፣ ካልሆነም መሰረዝ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ከደጋ የወረደ ሰው ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲለማመድ ጊዜ እንስጠው። በዚህ ጊዜ ሰውነት ቀደም ብሎና በብዛት ማላብን፣ ጨውንም መቆጠብን ይማራል። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ያለበት፣ እንቅልፍም ያጣ ሰው አይሩጥ።

ሦስተኛ፣ ሯጩ ሲጠማ ይጠጣ። ያለ ልክ መጠጣት ግን የደምን ጨው አቅጥኖ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። ውሃ መጠጣት ብቻውን ከሙቀት ያድናል ብሎ መተማመንም ስሕተት ነው።

አራተኛ፣ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የተዘበራረቀ ወይም ያለ ምክንያት የሚቆጣ ሯጭ ስናይ ወዲያው እናስቁመው። ላቡ ገና እየወረደ ስለሆነ ደኅና ነው አንበል። ራሱን ላልተቆጣጠረ ሰው በአፉ ምንም አንስጠው። ሐኪም እየተጠራ ሳለ፣ በረዶ የተጨመረበት የውሃ ገንዳ ከተገኘ ራሱን ከውሃው በላይ ደግፈን እስከ አንገቱ እንንከረው፤ ካልተገኘ ያለውን ውሃ ሳናቋርጥ እያፈሰስን እናራግብለት። አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ ነው።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ድልድይ ስንነድፍ ከሚጠበቀው ጭነት በላይ የሚሸከም አቅም እንጨምርበታለን፤ ብረቱ ጀግና ነው ብለን አንተወውም። ለሰው ግን ይህን ጥንቃቄ ነፍገን «ይችለዋል» በሚል ቃል ብቻ ፀሐይ ላይ እናሰልፈዋለን። ያ ወጣት በማግሥቱ ከአልጋው ቀና ብሎ «ስላሳፈርኋችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ሰዓቱን የመረጥሁት፣ ውሃውንም ያላዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። ያን ቀን ጠየቅሁት፤ ዛሬም በፊታችሁ እደግመዋለሁ። ከእናንተ መካከል ነገ ሩጫ የሚያዘጋጅ ቢኖር፣ የመነሻውን ሰዓት ከማስታወቁ በፊት ውሃው የት እንደሚቆም ይወስን።