ምክሩ ከምጡ ይቅደም



ወልዳችሁ ላሳደጋችሁ ለእናንተ ለዛሬ ተመራቂ የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች ስለ ወሊድ እንድናገር መጋበዜ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ያሰኛል። ስለዚህ ምጡን ለእናንተ ትቼ ከምጡ በፊት ስላለው ጊዜ ልናገር።

ወረዳችን ደብረ ኤልያስ ለትምህርት እንግዳ አይደለችም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁን ጨምሮ ስንቱ ከሩቅም ከቅርብም መጥቶ ቅኔ ተምሮባታል። በቅኔ ቤት ተማሪ የሚመዘነው የመምህሩን በመድገም ሳይሆን ራሱ ሲቀኝ ነው። የእናንተም ፈተና ዛሬ አላለቀም፤ ጎረቤታችሁ ደጃፍ ላይ ይጠብቃችኋል።

በ1992 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ልጆች አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በጤና ተቋም የሚወለዱት ከ100 ልጆች 5ቱ ብቻ ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ሁለት ሴቶች ግን የቀበሌውን ቤት ሁሉ ማዳረስ አይችሉም። በ2003 ዓ.ም. እናንተ የምትመሩት የሴቶች ልማት ቡድን የተደራጀው ለዚህ ነው። የእናቶች ሞት በ2008 ዓ.ም. ጥናት ወደ 412 ወረደ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከ100 ልጆች 48ቱ በጤና ተቋም ተወለዱ። እንደ ቀሩት 52ቱ ከጤና ተቋም ውጭ የሚወለዱት ናቸው የእናንተ ሥራ።

ከዚህ ሥልጠና ምላጭና ክር ይዛችሁ አትወጡም። ማዋለድ የሚድዋይፏ ሥራ ነው። የእናንተ ሥራ ቤተሰቡ በሰላሙ ቀን እንዲመካከር ማድረግ ነው። ደም መፍሰስ ወላድን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ያን ጊዜ ባል ከአባቱ፣ አማት ከጎረቤት እስኪማከሩ የሚጠብቅ ደም የለም። ክረምት ላይ ጭቃው አምቡላንሱን ሲያስቀር፣ ቃሬዛ የሚሸከሙት ጎረምሶች ያን ሌሊት ፍለጋ አይወጣም፤ ስማቸው አስቀድሞ ይታወቃል። ገንዘቡ፣ ላሞቹን የሚጠብቀው፣ ከልጆቹ ጋር የሚያድረው ሁሉ አስቀድሞ ይቆረጣል። ቤቷ ከጤና ጣቢያ የራቀ፣ በተለይ ወደ ዓባይ በረሃ ያለች እናት፣ ቀኗ ሲቃረብ ወደ እናቶች ማቆያ ትምጣ።

ብዙ ሴት እርግዝናዋን ከሰው ዓይን ትደብቃለች። በቡና ሰዓት ቀስ ብላችሁ ጠይቋት፤ ክትትሏን ሦስት ወር ሳይሞላት ትጀምር። ደም ካየች፣ ከባድ ራስ ምታት ካልለቀቃት፣ ዓይኗ ከደበዘዘ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዛት፣ የሽርት ውኃዋ ያለ ምጥ ከፈሰሰ፣ ወይም ልጁ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ፣ ነገ አይባልም።

የልምድ አዋላጆቻችንን አታሳፍሯቸው። ስንት ሌሊት ያለ ክፍያ ያደሩ ናቸው። ሆድ ማሸቱና እትብት መጎተቱ ይቅር፤ እነሱ ግን ወላዷን አጅበው ጤና ጣቢያ ይምጡ፣ እጇን ይያዙ፣ ያበርቷት።

ለጤና ባለሙያዎችም አንድ ቃል አለኝ፦ እነዚህ ሴቶች ለምነው ያመጧትን እናት በቁጣ ከተቀበላችኋት ሁለተኛ አትመጣም፤ ጎረቤቷንም ታስቀራለች። በጤና ጣቢያውም ገንፎው ይገንፋ፣ ቡናው ይፍላ፤ ሰው በሰውነቱ ይከበር።

አባቶች ካህናት፣ የነፍስ ልጆቻችሁ ከማንም በላይ የእናንተን ቃል ይሰማሉ። ጸሎቱና ሕክምናው እንደማይጣሉ ንገሯቸው። ባሎች ሆይ፣ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ያለው ሁሉ ዛሬ ማታ ከእነዚህ ተመራቂዎች ጋር ተቀምጦ ይምከር። ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በየቤቱ ግቡ!