ከብዙ ስም የሚያነብ ሰው ይበልጣል
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል ሰው ሲነሣ የሚጠበቀው የገቢና የወጪ ሪፖርት ነው። እሱ በተራው ይቀርባል። አሁን የምንናገረው ስለ ሌላ መዝገብ ነው፤ ዜና መጽሔታችን በኢሜይል ስለሚላክላቸው ሰዎች ዝርዝር። ይህ ዝርዝር ገንዘብ ባይሆንም እንደ ቁጠባ መዝገባችን ሊጠበቅና ሊመረመር ይገባል ብለን እናምናለን። ምክንያታችንን ሰምታችሁ በመጨረሻ በሦስት ነጥቦች ላይ ድምፅ እንድትሰጡ እንጠይቃለን።

ነገሩን ያነሣነው ሁለት ሐሳቦች ስለቀረቡ ነው። አንደኛው በሥልጠና ላይ በተፈረሙ ወረቀቶች፣ በየስልካችንና በየጓደኞቻችን ዘንድ ያለውን የኢሜይል አድራሻ ሁሉ ሰብስበን፣ ካልበቃም ከሚሸጡ ሰዎች ገዝተን ዝርዝሩን እናሳድግ የሚል ነው። ሁለተኛው በዝርዝሩ ላይ ያለውን የስም ብዛት «አንባቢዎቻችን» ብለን በዓመታዊ ሪፖርታችን ለለጋሾች እንጻፍ የሚል ነው። ሁለቱም ለማኅበሩ ከማሰብ የመጡ ናቸው። እኛ ግን ሁለቱንም አንደግፍም።

መሣሪያው ምን ይሠራል?

ለብዙ ሰው በተራ ኢሜይል መላክ ችግር አለው። አድራሻዎቹ በአንድ መስመር ከተደረደሩ እያንዳንዷ ተቀባይ የሌሎቹን ሁሉ አድራሻ ታያለች። ነጻው ጂሜይልም በቀን ከ500 በላይ ተቀባይ አይፈቅድም። እንደ ሜይልቺምፕ፣ ብሬቮና ሜይለርላይት ያሉ ሶፍትዌሮች ግን መልእክቱን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ይልካሉ፤ የመመዝገቢያ ቅጽና ከዝርዝሩ መውጫ ሊንክ ያዘጋጃሉ፤ ከተላከ በኋላም የሆነውን ሁሉ ይመዘግባሉ።

ሜይልቺምፕ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ የተጀመረ ነው። በ2021 የገዛው ኢንቱይት የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ እኛ የሒሳብ ሰዎች ኩባንያውን ክዊክቡክስ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌሩ እናውቀዋለን። የኢሜይሉ ሪፖርት ሲከፈት የሚታየውም ዓምድና ድምር ነው። እንደ ማንኛውም ሒሳብ ታዲያ፣ ድምሩን ከማመን በፊት እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዝርዝሩ እንዴት ይደግ?

ወላጆቻችን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይላሉ። ሳይጠየቅ የሚመጣ ኢሜይልም እንደዚያው ነው። ለሥልጠና መምጣቷን ለማሳየት የፈረመች እህት ፈርማለች የተባለው ለሥልጠናው ብቻ ነው። ወረቀቱን አንሥተን ለሌላ ጉዳይ ብናውለው ያልሰጠችንን ወሰድን ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውል ያዛል። በአውሮፓ ያሉ ደጋፊዎቻችንም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ ጠንካራ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ሥር ይኖራሉ።

ስለዚህ የምናሳድገው በመጠየቅ ነው። አባላት እንጀራ፣ በርበሬና የእጅ ሥራ ይዘው በሚወጡበት ባዛር ጠረጴዛው ላይ አጭር ቅጽ ይቀመጥ። ስም፣ የኢሜይል አድራሻና «ዜና መጽሔቱ እንዲላክልኝ እፈልጋለሁ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። በምን ያህል ጊዜ እንደምንልክም ይጻፍበት፤ በወር አንድ ጊዜ ካልን በወር አንድ ጊዜ ይሁን። አድራሻው ሲመዘገብ ሶፍትዌሩ አንድ የማረጋገጫ ኢሜይል ይልካል፤ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ሊንኩን ሲጫኑ ብቻ ስማቸው ይገባል። በዚህ መንገድ በስሕተት የተጻፈ አድራሻም፣ ሰው ሳያውቅ ሌላ የጻፈለት አድራሻም አይገባም። ዝርዝሩ በቀስታ ያድጋል፤ የገባው ስም ግን ፈልጎ የገባ ነው።

የተገዛ ዝርዝር ጉዳቱ ሕግ መጣስ ብቻ አይደለም። ያልጠበቀው ኢሜይል የደረሰው ሰው «ስፓም» የሚለውን ይጫናል። ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ለብዙ ሰው በሚልኩ ላኪዎች ላይ ደንባቸውን አጥብቀዋል። ጂሜይል ስፓም ተብሎ የሚከሰሰው መልእክት ከመቶ 0.3 በታች እንዲሆን ይጠይቃል፤ ይህም ከአንድ ሺህ ተቀባይ ሦስት ሰው ማለት ነው። ጥብቁ ደንብ በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልኩት ቢሆንም፣ የትንሽ ላኪ ስምም በክስ ብዛት ይበላሻል። ስማችን ከተበላሸ የሚቀጣው ያ የማናውቀው ሰው አይደለም። መልእክታችንን የምትጠብቀው ደጋፊያችን ናት፤ የእሷም ኢሜይል ስፓም ውስጥ ይወድቃል፣ እኛም ዝም ያልናት ይመስላታል።

ቁጥሮቹን እንዴት እናንብባቸው?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 400 አድራሻ አለን እንበል፤ መጽሔቱን ላክን። 20ው አድራሻቸው ተዘግቶ ወይም ተሳስቶ ተመለሰ። የደረሰው ለ380 ነው። ሪፖርቱ 190 ከፈቱ፣ 38 በውስጡ ያለውን ሊንክ ተጫኑ፣ 2 ከዝርዝሩ ወጡ ይላል። በመልስ የጻፉልን 6 ናቸው። ለለጋሽ የትኛውን እንናገር?

400 ማለት ትክክል አይደለም፤ 20ው አልደረሳቸውም። 190 ማለትም ያጠራጥራል። ሶፍትዌሩ መከፈቱን የሚያውቀው በመልእክቱ ውስጥ ዓይን የማያያት ትንሽ ሥዕል በማስቀመጥ ነው፤ ሥዕሏ ስትጫን «ተከፈተ» ብሎ ይመዘግባል። አፕል ግን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ የራሱን የኢሜይል መተግበሪያ ለሚጠቀሙና ይህን ጥበቃ ለመረጡ ሰዎች፣ መልእክቱን ቢያነቡትም ባያነቡትም ሥዕሎቹን አስቀድሞ ይጭናቸዋል። በአይፎን የምታነብ በውጭ አገር ያለች ደጋፊያችን ሳትከፍተው እንደከፈተች ልትቆጠር ትችላለች። በተቃራኒው ኢንተርኔት ለመቆጠብ ሥዕል የዘጋች እህት ከዳር እስከ ዳር አንብባው እንዳልከፈተች ትቆጠራለች።

በእድር ቋንቋ እንናገረው። ጥሩምባ የሰማና ቀብር የወጣ አንድ አይደለም። ጥሩምባው መነፋቱን ጥሩምባ ነፊው ይነግረናል፤ የወጣው ሰው የሚታወቀው ግን ከለቀስተኛው መካከል ሲቆጠር ነው። ስለዚህ አጥብቀን የምንይዘው 38ቱንና 6ቱን ነው። ከደረሳቸው 380 ሰዎች 38ቱ፣ ማለትም ከመቶ 10፣ ተጨማሪ ሊያነቡ ሊንኩን ተጭነዋል፤ 6ቱ ጽፈውልናል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ተመርምሮ ግን የሚቆም ነው። ስድስቱ የጻፉት ደብዳቤ ደግሞ ከየትኛውም ድምር በላይ ያስተምራል፤ ምን እንደወደዱ፣ ምን እንዳልገባቸው በራሳቸው ቃል ነግረውናልና።

ሶፍትዌሮቹ ሁለት ዓይነት ርእስ ለሁለት ቡድን ልኮ የትኛው እንደተወደደ ማወዳደርም ያስችላሉ። እንደኛ ላለ ትንሽ ዝርዝር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለ190 እና ለ190 ሰው ልከን አንዱ በሦስት ሰው ቢበልጥ፣ ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። የሚሻለው ቁጥራችንን ካለፈው ወርና ካምናው ጋር ማስተያየት ነው።

የማይሰበሰብ ሒሳብ

በሒሳብ ሥራ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈለ ተሰብሳቢ ገንዘብ እንዳለ ሀብት ተቆጥሮ አይቀመጥም፤ አጠራጣሪ ተብሎ ይለያል፣ ካልተሰበሰበም ይሰረዛል። የኢሜይል ዝርዝርም እንዲሁ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ያልከፈተ፣ ሊንክ ያልተጫነ፣ ያልጻፈ ስም ቢኖር ዝም ብለን አንሰርዘውም፤ ሥዕል የዘጋ አንባቢ ሊሆን ይችላልና። አስቀድመን «መላካችንን እንቀጥል?» ብለን አጭር መልእክት እንልክለታለን። መልስ ካልመጣ ከሚላክላቸው ሰዎች እናወጣዋለን። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች አንዳንዶቹ በስም ብዛት፣ አንዳንዶቹ በሚላከው ብዛት ያስከፍላሉ፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ለማያነብ ሰው የሚከፈለው ከማኅበሩ ገንዘብ ነው።

የእህቶቻችን ምስጢር

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ይህን ነው። ሶፍትዌሩ ሰዎችን በምድብ መለየት ያስችላል፤ ለጋሽ፣ አባል፣ ደንበኛ ብለን ለእያንዳንዱ የሚስማማውን መላክ እንችላለን። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ማን ምን ያህል እንደቆጠበች፣ ማን እንደተበደረች፣ ማን መክፈል እንዳቃታት ፈጽሞ እዚያ መግባት የለበትም። ያ መረጃ ቦታው የማኅበሩ መዝገብ ነው። ከእኛ መካከል ኢሜይሏ በልጇ ስልክ ላይ የሆነ አለች፤ ስልኳን ከባሏ ጋር የምትጋራም አለች። ስለ ብድሯ የሚናገር ርእስ በስልኩ ገጽ ላይ ቢወጣ፣ እቤቷ የሚፈጠረውን እኛ አናውቅም፤ የምትኖረው ግን እሷ ናት።

ደግሞም ብዙ አባሎቻችን ኢሜይል የላቸውም። የኢሜይል ዝርዝሩ የአባላት ዝርዝር አይደለም። በወረቀት የሚታተመው መጽሔት በየሳምንታዊው ስብሰባ ጮክ ተብሎ መነበቡ ይቀጥል።

የምንጠይቀው

በሦስት ነጥቦች ላይ ድምፅ እንድትሰጡን እንለምናለን። አንደኛ፣ ራሱ ፈቅዶ ያረጋገጠ ሰው ካልሆነ በዝርዝሩ ላይ አይግባ፤ አድራሻ አይገዛ። ሁለተኛ፣ ለለጋሾች የሚቀርበው ቁጥር የደረሳቸው፣ ሊንክ የተጫኑና መልስ የጻፉ ሰዎች ቁጥር ይሁን፤ የተከፈተው ቁጥር ከቀረበም ግምት መሆኑ ይጻፍበት። ሦስተኛ፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ ስም፣ አድራሻ፣ ምድብና የፈቃድ ቀን እንጂ ሌላ አይቀመጥ፤ የይለፍ ቃሉንም ከሁለት በላይ ሰው አይያዝ።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ይህ ከጸደቀ በሪፖርታችን ላይ የምታዩት ቁጥር ሌሎች ከሚያቀርቡት ያነሰ ሊመስላችሁ ይችላል። ከገንዘብ ሒሳባችን ጋር አንድ ዓይነት ምርመራ የሚያልፍ ቁጥር ግን ይሆናል። «ስንት ናችሁ?» ብላችሁ ስትጠይቁን፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ መዝገቡን ከፍተን እናሳያችኋለን።